የእናቴ ድምፅና አራቱ የባትሪ ድንጋዮች

ባለፈው ሳምንት የሳሎናችን የግድግዳ ሰዓት ቆመ። አውርጄ ጀርባውን ስከፍት ውስጡ ያለችው ትንሽ የባትሪ ድንጋይ ፈስሳ፣ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አውጥታ፣ የሰዓቱን ብረት በልታዋለች። ሽታዋ አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። ይህን ሽታ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል፤ የዛገ ምስማርና ከብት ያደረበት በረት አንድ ላይ የሸተቱ ያህል ነው። ልጄ «ጣያትና አዲስ እንግዛ» አለችኝ። እኔ ግን በጨርቅ ጠራርጌ፣ ፀሐይ የሚመታው መስኮት ላይ ወስጄ አቆምኳት። አስቤበት አይደለም፤ እጄ የለመደውን አደረገ። ልጄ ሳቀችብኝ። እውነቷን ነው፣ ያቺ ድንጋይ ከእንግዲህ የትም አትደርስም።

ሦስተኛ ክፍል እያለሁ የምኖረው መካነ ሰላም ከተማ ዳር፣ ከእናቴ አባት ጋር ነበር። ቤቱ ውስጥ ሁለታችን ብቻ ነን። አባቴ እኔ ሳልወለድ ሞቷል፤ አያቴም ሚስታቸውን ከቀበሩ ቆይተዋል። እናቴ ከድጃ ጅዳ ሰው ቤት ትሠራ ነበር። በሰፈራችን እናቱ ወይም እህቱ ዐረብ አገር ያልሄደችበት ልጅ ጥቂት ስለሆነ የኔ ነገር ማንንም አይገርምም። እኔንም ያስቸገረኝ የእሷ አለመኖር ሳይሆን ፊቷ እየጠፋብኝ መሄዱ ነበር። ፎቶዋን ሳየው የማስታውሰው ፎቶውን ነው እንጂ እሷን አይደለም። ድምፅዋን ግን አብጠርጥሬ አውቀዋለሁ፣ ምክንያቱም ድምፅዋ እኛው ቤት ነበር።

አያቴ ማንበብ አይችሉም፤ እናቴም ትምህርቷን ከአራተኛ ክፍል ነው ያቋረጠችው። ከተማው ውስጥ ስልክ ቤት ነበር፣ የእሷ አሠሪዎች ግን ስልክ አያስነኳትም። ስለዚህ እንደ ብዙ ሰው እኛም በካሴት ነበር የምንጻጻፈው። እሷ ኩሽና ውስጥ ሆና ትቀዳለች፣ ወደ አገር ቤት የሚመለስ ሰው ሲገኝ ካሴቱ ይመጣል። ከድምፅዋ ጀርባ ውሃ ሲፈስና ሳህን ሲጋጭ ይሰማል። መስሚያውንም የላከችልን እሷው ነበረች፤ እጀታ ያለው ጥቁር ቴፕ፣ አራት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርስ።

እኛ ሰፈር መብራት ገና አልደረሰም፣ ድንጋይ ደግሞ እንደ ልብ የሚገዛ ነገር አይደለም። ስለዚህ ድንጋዮቹን ማቆየት ራሱን የቻለ ሥራ ነበር፣ ሥራውም የኔ ነው። አለቃዬ አያቴ ናቸው። አያቴ፣ ሰፈሩ አያ ይመር የሚላቸው፣ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የእህል መጋዘን ዘበኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ባትሪ ይዘው ስላደሩ በድንጋይ ጉዳይ የሚያህላቸው የለም ይባላል። ማን እንዳለው አላውቅም፤ ራሳቸው ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሕጋቸው ብዙ ነው። ድንጋይ ቴፕ ውስጥ አያድርም፤ ሳይሠራበትም ቢሆን ያልቃል፣ ከባሰበትም ያለቅስና ቴፑን ይበላዋል። አዲስና አሮጌ አይደባለቅም። «ደካማው ብርቱውን ይጎትተዋል። መጨረሻ ላይ አራቱም እኩል ይሞታሉ» ይሉ ነበር። አራቱ አብረው ገብተው አብረው መውጣት ስላለባቸው፣ የቆዩት ወገባቸው ላይ ቀይ ክር አስርላቸዋለሁ። ካሴት ወደ ኋላ የሚመለሰው በቴፕ አይደለም፣ በእስክሪብቶ ነው። የካሴቱን ቀዳዳ እስክሪብቶ ላይ ሰክቼ ክንዴ እስኪዝል አሽከረክረዋለሁ። ጎረቤቶቻችን ድንጋይ ሲደክምባቸው በጥርሳቸው ይነክሱታል። አያቴ ይህን ሲያዩ ፊታቸው ይለወጣል። ድንጋይ የነከሰ ሰው፣ በሳቸው አስተያየት፣ ምንም ነገር በእጁ የማይቆይ ሰው ነው።

የኛ መድኃኒት እረፍትና ፀሐይ ነበር። የኅዳር ጠዋት በኛ አገር ውርጭ ነው፣ ድንጋይም ብርድ አይወድም። ቴፕ ሊከፈት የታሰበ ቀን አያቴ ከሱብሂ ሶላት ሲመለሱ ሁለቱን ድንጋይ በቀኝ፣ ሁለቱን በግራ ብብታቸው ይዘው ጋቢያቸውን ተከናንበው ይቀመጣሉ። በዚያ ሰዓት እጅ ዘርግተው ሰው አይጨብጡም፤ የሚያውቃቸው ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። እኔ የጠዋት ፈረቃ ስለነበርኩ ከትምህርት ቤት ስመለስ ስድስት ሰዓት ተኩል ይሆናል። ደብተሬን ጥዬ መጀመሪያ የማደርገው ድንጋዮቹን በግቢያችን ካብ ላይ መደርደር ነው። በየመሀሉ አገላብጣቸዋለሁ። ዶሮ እንዳትጥላቸው እጠብቃለሁ። አሥር ሰዓት ላይ፣ ጥላው ካቡን ሳይነካው በፊት፣ አንስቼ በጨርቅ እጠቀልላቸዋለሁ።

ለማንም ያልነገርኩት አንድ ነገር ነበረኝ። የድንጋዮቹ ጉልበት ሲያልቅ የእናቴ ድምፅ ይወፍራል። መጀመሪያ ትንሽ ይጎተታል፣ ከዚያ ጎርነን ይላል፣ መጨረሻ ላይ የታመመች አሮጊት ትሆናለች። ያኔ አያቴ «ይብቃት» ብለው ያጠፉታል። እኔ ደግሞ እዚህ ድምፅዋ ሲደክም እዚያ እሷ የምትደክም ይመስለኝ ነበር። ይህን ማንም አልነገረኝም፣ ከራሴ ያመጣሁት ነው። ድንጋዮቹን ፀሐይ ላይ ደርድሬ በማግስቱ ድምፅዋ ቀጥ ብሎ ሲወጣ የተሻላት ይመስለኛል። ስለዚህ ካብ ሥር ተቀምጬ ዶሮ ስከላከል የምጠብቀው ድንጋይ አልነበረም፣ እናቴን ነበር።

በዚያ ሰሞን የክፍላችን ጥቁር ሰሌዳ ነጥቶ ጠመኔው አልታይ አለ። መምህራችን እያንዳንዳችን አንዳንድ የሞተ ባትሪ ድንጋይ ይዘን እንድንመጣ አዘዙ። የድንጋዩ ውስጥ ጥቁር ዱቄት ነው፤ ተወቅጦ በቅጠል ጭማቂ ይለወስና ሰሌዳ ይቀባበታል። እቤት ሄጄ ለአያቴ ነገርኳቸው።

«እኛ ቤት የሞተ ድንጋይ የለም» አሉ።

«መምህሩ ባዶ እጅሽን እንዳትመጪ ብለዋል።»

«የደከመ ነው ያለው። የደከመ ደግሞ አይወቀጥም።»

ሌላው ልጅ ሁለትና ሦስት ይዞ ሲመጣ እኔ ባዶ እጄን መሄዴ አይቀሬ ሆነ። ስለዚህ መናኸሪያው አጠገብ ሬዲዮና ቴፕ ወደሚጠግነው ወደ ጋሽ ሙሉጌታ ሄድኩ። ጋሽ ሙሉጌታ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ሰው ሲያስረዳ ሥራውን የሚረሳ ሰው ነበር። ጠረጴዛው ሥር የሞቱ ድንጋዮች የሞሉበት ጣሳ አለው። አንዱን አንስቶ ሊሰጠኝ ሲል ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቅኩት። ከዚያ ደንበኛው ቆሞ እየጠበቀው ድንጋዩን በቢላ ሰነጠቀልኝ።

«አየሽ፣ ሰው መብራት ተሞልቶበት የመጣ ይመስለዋል። አይደለም። ይሄ ውጪው ቆርቆሮ ዚንክ ይባላል። ውስጥ ያለው እርጥብ ጥቁር ነገር ቆርቆሮውን ቀስ እያለ ይበላዋል። ሲበላው ነው ጉልበቱ የሚወጣው። መሀል ያለችው ከሰል ማስተላለፊያዋ ናት። ቆርቆሮው ተበልቶ ሲሳሳ ይቀደድና ይፈሳል፣ አለቀሰ የምትሉት እሱ ነው።»

«ፀሐይስ?»

«ፀሐይ ምግብ አትጨምርለትም። የቀዘቀዘውን ታነቃቃዋለች፣ ያው የቀረችውን ቶሎ ይበላታል። ዛሬ የሚሠራልሽ ከነገው ቀንሶ ነው። አዲሱን ደግሞ ፀሐይ ላይ እንዳታሰጪው፤ ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ።»

«እረፍትስ?»

«እረፍት እውነት ነው። ሲያርፍ ትንሽ ያገግማል። እዚህ ላይ አያ ይመር ልክ ናቸው።»

ለትምህርት ቤቱ ሌላ ድንጋይ ከጣሳው አውጥቶ፣ መሀል ያለችውን የከሰል ዘንግም ጠርጎ ሰጠኝ፤ ካብ ላይ ስትጽፊባት ከጠመኔ ትሻላለች አለኝ። ማታ የነገረኝን ሁሉ ለአያቴ ዘረዘርኩላቸው። በጥሞና ሰሙኝና «ሙሉጌታ ጎበዝ ልጅ ነው። ግን ድንጋይ ይዞ አላደረም» አሉ። በማግስቱም ድንጋዮቹን ካብ ላይ ደረደርኩ።

የኅዳር ወር መጨረሻ ላይ የእናቴ ካሴት መጣ። ቀይ ክር ባላቸው ድንጋዮች ነበር የሰማነው። ሰላምታዋን እንደ ሁልጊዜው ከአያቴ ጀምራ፣ ጎረቤቱን በየስሙ ጠርታ፣ የላማችንን ጤና ሳይቀር ጠይቃ ጨረሰች። ከዚያ ወደ ጉዳይዋ ገባች።

«አባ፣ ውሌ ጥር ላይ ያልቃል። እመቤቲቱ ሁለት ዓመት ጨምሪ ትለኛለች። ብጨምር የቤቱ ጣራ ቆርቆሮ ይለብሳል፣ ያው እርስዎም ከፍሳሹ ያርፋሉ። ሆዴ ግን ሌላ ሌላውን ይለኛል። እኔ አልቆርጥም። ነይ ካሉኝ እመጣለሁ፣ ቆዪ ካሉኝ እቆያለሁ። ቃልዎን በካሴት ይላኩልኝ፣ ጥር ሳይገባ ይድረሰኝ።»

እኔን የምታናግረው ሁልጊዜ መጨረሻ ላይ ነው። «ሰሚራ፣ ዐይኔ» ስትል ድምፅዋ መጎተት ጀመረ። ምን እንዳለችኝ አልገባኝም። እየወፈረ፣ እየወፈረ ሄዶ ከጉድጓድ የሚወጣ ድምፅ ሆነና ቆመ። አያቴ ቴፑን ዘጉ። ከዚያ በኋላ ለሁለት ቀን እህል አልበላ አለኝ። አያቴ ጉንፋን ነው ብለው ጤና አዳም አሸተቱኝ።

የገበያ ቀን ሲደርስ አያቴ አራት አዲስ ድንጋይ ገዝተው መጡ። «እነዚህ ለመልሱ ናቸው። የከድጃ ጉዳይ በአሮጌ ድንጋይ አይሆንም» አሉና ሰጡኝ። ወደ ጅዳ የምትመለስ የወግዲ ሴት መኖሯን ሰምተው ነበር፤ ሰኞ መንገድ ስለምትጀምር እሑድ ወግዲ ወስደው ሊሰጧት ወሰኑ። ቅዳሜ ከሰዓት እንድንቀዳ ተባለ።

እኔ ሌላ ሐሳብ ነበረኝ። እኛ የምንናገረው በምንም ድንጋይ ቢሆን እኛ ደህና ነን፣ ፊት ለፊት እንተያያለን። አዲስ ድንጋይ የሚያስፈልጋት እሷ ናት። እነዚያን አራቱን በመልስ ከጨረስናቸው የሚቀጥለው ካሴቷ ሲመጣ በምን ልናቆማት ነው? ስለዚህ አዲሶቹን በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጋሽ ሙሉጌታ እንዳለው ደረቅና ቀዝቃዛ ቦታ፣ ባዶ ጋን ውስጥ ደበቅኋቸው። አሮጌዎቹን ቀኑን ሙሉ ፀሐይ አሞቅኋቸው። ከዚያ ቀዩን ክር ፈታሁላቸው። አያቴ ዐይናቸው ደክሟል፣ ክሩን ካልዳሰሱ አዲስና አሮጌ አይለዩም።

«አዲሶቹን አገባሽ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኩ።

ከዐስር ሶላት በኋላ ጎረቤት ሁሉ መጣ። ቀይዋን የመቅጃ ቁልፍ የምጫነው እኔ ነኝ። በኛ ወግ ሰው ከሰላምታ በፊት ጉዳይ አያነሳም፤ ሰላምታውም እንዲህ እንደ ዋዛ የሚያልቅ አይደለም። አያቴ በቢስሚላህ ከፈቱ። ጤናዋን፣ ሥራዋን፣ የአሠሪዎቿን ጤና፣ የአገሩን ሙቀት ጠየቁ። ቀጥሎ ጎረቤቱ በተራ እየቀረበ ቴፑ ላይ ጎንበስ አለ። እያንዳንዱ የራሱን፣ የልጆቹን፣ የከብቶቹን ደህንነት ይናገራል፤ የወለደችውን፣ የታጨችውን፣ ሐጅ የሄደውን ይዘረዝራል። አንዷ አሮጊት ረጅም ዱዓ አደረጉላት፣ ሁሉም አሚን አለ። ካሴቱ እየዞረ ነበር። ፀሐይ ያሞቃቸው ድንጋዮች ያለ የሌለ ጉልበታቸውን ለሰላምታው እየሰጡ ነበር።

ሰላምታው ሲያልቅ አያቴ ቁልፉን አስነስተውኝ ሰዉን አመስግነው ሸኙ። «ይሄኛው የኔና የልጄ ነው» አሉ። በሩን ገርበብ አድርገው ተቀመጡ። እንደገና ተጫንኩት።

«ከድጃ፣ ልጄ፣ ጥያቄሽን ሰምቻለሁ» አሉ። «ነይ። የሳር ጣራ ስድሳ ዓመት አፍስሶብኝ አልገደለኝም። ሰሚራ ፊትሽን እየረሳችው ነው። አልነገረችኝም፣ ግን ፎቶሽን ስታይ አያታለሁ። ነይ ልጄ። ሌላ አትጨምሪ።»

ይህን ማወቃቸውን አላውቅም ነበር። ተራዬ ሲደርስ «እማዬ፣ ነይ» ከማለት በቀር ምንም አልወጣኝም።

ድንጋዮቹን ትንሽ አሳርፈን መጨረሻዋን ብቻ ሰማናት። የአያቴ ድምፅ የአያቴ ነው፣ የኔም የኔ ነው። ጥርት ያለ ነገር። አያቴ «አልሐምዱሊላህ» አሉና ካሴቱን በሻሽ ጠቀለሉት። እሑድ ጠዋት የጎረቤት በቅሎ ተውሰው ወግዲ ወሰዱት።

ከዚያ ወዲያ ቤታችን የሚጠባበቅ ቤት ሆነ። አያቴ ግድግዳውን እንደገና አስመረጉ። ለእናቴ ብለው ፍራሽ አሠሩ፤ እኔ እንዳልተኛበት ግድግዳ ላይ አስደግፈው አቆሙት። ጥር አለቀ። የካቲት ሲገባ ከትምህርት ቤት ስመለስ በመናኸሪያው በኩል መዞር ጀመርኩ። ከመኪና የምትወርድ ሴት ሁሉ እናቴ ልትሆን ትችላለች፣ እኔ ደግሞ እንዳላሳልፋት እፈራ ነበር። ስለዚህ የሴቶቹን ፊት ሳይሆን ድምፃቸውን ለመስማት እጠጋለሁ። ጋሽ ሙሉጌታ ከሱቁ ሆኖ ያየኛል። «አብሽሪ፣ ትመጣለች» ይለኛል።

የካቲት ሲያልቅ የመጣው ካሴት ነበር። አያቴ ካሴቱን ከመልእክተኛዋ እጅ ተቀብለው ብዙ ጊዜ አገላበጡት። እኔ ሮጬ አዲሶቹን ድንጋዮች ከጋኑ አወጣሁ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያች ሰዓት በራሴ ኮርቻለሁ። የእናቴ ድምፅ አጠገባችን የተቀመጠች ያህል ጥርት ብሎ ወጣ።

«አባ፣ ካሴታችሁ ደርሶኛል። መጀመሪያ ላይ ትንሽ ቸኮል ይላል እንጂ ሰላምታውን ሰምቻለሁ፣ ሰዉን ሁሉ ለይቻለሁ። ከዚያ ግን እየፈጠነ ሄደ። የእርስዎ ቃል ላይ ስደርስ የጫጩት ጩኸት ሆነብኝ። ሰባት ጊዜ መላልሼ ሰማሁት። የእርስዎን ድምፅ ከልጄ ድምፅ መለየት አቃተኝ። መልሼ እንዳልልክ ጊዜው አለቀ፣ እመቤቲቱም ወጥራ ያዘችኝ። ነይ ይበሉ ቆዪ ሳላውቅ ለሁለት ዓመት ፈረምኩ። ያጠፋሁ እንደሆነ ይንገሩኝ።»

አያቴ ተነስተው ቴፑን በጋቢያቸው ሥር ይዘው ወጡ፣ እኔም ተከተልኳቸው። ጋሽ ሙሉጌታ ነገሩን ሰምቶ ብዙ አላሰበም።

«በደከመ ድንጋይ ነው የተቀዳው» አለ። «ድንጋይ ሲደክም ሞተሩ ይንቀራፈፋል፣ ካሴቱ ቀስ ብሎ ይዞራል። እናንተ ቀስ ብሎ በሚዞር ቴፕ ቀድታችሁ በዚያው ቴፕ ስትሰሙት ልክ ይመስላል። እዚያ በመብራት የሚሠራ ቴፕ ላይ ሲገባ ግን በትክክለኛው ፍጥነት ይዞራል፣ ድምፁም ይቀጥናል፣ ይፈጥናል። መጨረሻው ከመጀመሪያው የባሰው እየደከመ ስለሄደ ነው።»

«ድንጋዩ አዲስ ነበር» አሉ አያቴ።

«እንግዲያ ወላሂ የማይረባ ነው የሸጡልዎት» አለ ጋሽ ሙሉጌታ፣ ክርስቲያን ነው ግን እንደኛው ነው የሚምለው።

አያቴ ዱላቸውን አነሱና ቀጥታ ድንጋዩን ወደገዙበት ሱቅ መንገድ ጀመሩ። በሕይወታቸው ከሰው ተጣልተው አይቻቸው አላውቅም። ፊታቸው ጠቁሯል። ባለሱቁ ምን እንደሚጠብቀው የማያውቅ ምስኪን ሰው ነበር። ሱቁ ሲታየኝ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዤ አቆምኳቸው።

«አባባ፣ እኔ ነኝ» አልኳቸው። ክሩን መፍታቴን፣ አዲሶቹን ጋን ውስጥ መደበቄን ነገርኳቸው።

«ለምን?»

«አሮጌ ድንጋይ ሲሆን እማ ትታመማለች። አዲሱን ለእሷ ብዬ ነው።»

መጀመሪያ አልገባቸውም ነበር። ደግመው ጠየቁኝ፣ ደግሜ ነገርኳቸው። ሲገባቸው መንገዱ ዳር ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። የሚመቱኝ መስሎኝ ነበር፤ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

«ይህን ያህል ጊዜ ድምፅዋ በወፈረ ቁጥር የታመመች እየመሰለሽ ነው የሰማሽው?» አሉኝ።

«አዎ።»

«ላ ሐውለ» አሉና ራሳቸውን ነቀነቁ። «አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁሽም። እንግዲህ ይሄ ለማንም አይነገር። ለእናትሽም።»

«ነይ እንዳሏት አይነግሯትም?»

«አሁን ነይ ብዬሽ ነበር ብላት ምን ይጠቅማታል? ሁለት ዓመት ሙሉ መምጣት ስችል ቀረሁ እያለች፣ እያለቀሰች ልትሠራ ነው። ፈርማለች። የፈረመችው ልክ ነው ትበል።»

እቤት ስንገባ አዲሶቹ ድንጋዮች ቴፑ ውስጥ ነበሩ። ባዶ ካሴት አስገባሁ። አያቴ ጎረቤት አልጠሩም። ቀይዋን ቁልፍ ስጫን ቢስሚላህ ብለው ሳይቆዩ ጉዳዩን አስቀደሙ። ሰላምታ ሳያቀርቡ ወደ ጉዳይ ሲገቡ ያን ጊዜ ብቻ ነው የሰማኋቸው።

«ከድጃ፣ ሰላምታው ይቆየን። ያልኩሽ ቆዪ ነው። ጣራው ቆርቆሮ እስኪለብስ ቆዪ ነው ያልኩሽ። አላጠፋሽም። ልክ ነው የሠራሽው።»

ከዚያ ቴፑን ወደኔ ገፋ አደረጉት። ካሴቱ ይዞራል። እናቴን ነይ ማለት አልችልም፣ ቆዪ ማለትም አልችልም። «እማ፣ እኔ ደህና ነኝ፣ አብሽሪ» አልኳት። ይኼኛው ካሴት ምንም ሳይዛባ፣ ቃል በቃል ደረሳት።

በተላከው ገንዘብ በሚቀጥለው ዓመት ጣራችን ቆርቆሮ ለበሰ። ዝናብ ሲዘንብ ሌላ ድምፅ አያሰማም፤ ክረምቱን ቴፕ መስማት አልተቻለም። እናቴ የመጣችው እኔ አምስተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ከመኪና ስትወርድ አላወቅኋትም፣ «ሰሚራ» ስትለኝ አወቅኋት። ያ ሁለት ዓመት ያለ እሷ ያለፈው በኔ እጅ ነው።

በመጣች በሦስተኛው ይሁን በአራተኛው ቀን፣ ሦስታችን ደጅ ተቀምጠን ሳለ፣ አቀርቅራ ወደ አያቴ ዞረች።

«አባ፣ አንድ ነገር ልንገርዎትና አይቆጡኝ። ያኔ ነይ ይሉኛል ብዬ ነበር የጠበቅሁት። ቆዪ ነው ያልኩሽ ሲሉኝ ቅር ብሎኛል። የልጄን ነገር እያወቁ ለቆርቆሮ ብለው ነው ብዬ። እስካሁንም አልወጣልኝ።»

አያቴ ወደኔ አላዩም። ጣራውን ቀና ብለው አዩት።

«እውነትሽን ነው። ቆርቆሮው አጓጉቶኝ ነው፣ ልጄ» አሉ። «አፉ በይኝ።»

«አፉ ብያለሁ፣ አባ» አለችና ጉልበታቸውን ሳመች።

እኔ መሀላቸው ተቀምጬ ነበር። አፌን ከፍቼ ነበር፤ አያቴ እጃቸውን እጄ ላይ ጫን አደረጉት፣ ዘጋሁት።

አያቴ ከሞቱ ዓመታት አልፈዋል። እናቴ ደህና ናት። በዒድ በዒድ ቀን እጇን ዘርግታ ዱዓ ስታደርግላቸው፣ መጨረሻ ላይ ሁልጊዜ «ያችንም ነገር አፉ ብያቸዋለሁ፣ ያረብ አንተም አፉ በላቸው» ትላለች። እኔም አጠገቧ ሆኜ አሚን እላለሁ።